የጋንዶ ትምህርት ቤት፦ ጭቃን የናቀው መንደርና ጭቃን የመረጠው ተማሪ

ሥነ ሕንፃ ከሌሎቹ የኪነ ጥበብ ዘርፎች በአንድ መሠረታዊ ጠባይ ይለያል። ግጥሙ ያልጣመው አንባቢ መጽሐፉን ይዘጋል፤ ሥዕሉ ያልማረከው ተመልካች ፊቱን አዙሮ ያልፋል። ቤት ግን እንዲህ ያለ ምሕረት አያውቅም። ነዳፊው በወረቀት ላይ ያሳሳታት አንዲት መስመር ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ የተማሪ ጀርባ ስታቃጥል፣ ዓይን ስታደክም፣ የክረምት ውኃ ስታስገባ ትኖራለች። ስለዚህም የአንድ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሥራ በመምህራኑ ሚዛን የሚያገኘው ክብደትና በሚገለገልበት ሕዝብ ሚዛን የሚያገኘው ክብደት እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ። ይህን ርቀት ለመመርመር በምዕራብ አፍሪካ፣ በቡርኪና ፋሶ፣ ጋንዶ በምትባል መንደር በ2001 ተሠርቶ ካለቀው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕንፃው ሦስት የመማሪያ ክፍሎች ብቻ ያሉት ነው። የነደፈው ዲየቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ በዚያን ጊዜ በበርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ገና ያልጨረሰ ተማሪ ነበረ።

ስለ ጋንዶ ትምህርት ቤት ብዙ ተጽፏል። በ2004 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ተሰጥቶታል፤ በ2022 ደግሞ ነዳፊው በሙያው ከፍተኛ ክብር የሚሰጠውን የፕሪትዝከር ሽልማት ከአፍሪካውያን መካከል የመጀመሪያው ሆኖ ተቀብሏል። ከተጻፉት ውስጥ አብዛኞቹ ግን አንድ ዓይነት ዜማ ያዜማሉ፦ ተማሪው አውሮፓ ከርሞ ወደ አባቶቹ ጭቃ ተመለሰ፣ ባህሉን አከበረ፣ በዚህም ተሸለመ የሚል። ዜማው ለጆሮ ይጥማል፤ እውነትነቱ ግን ከግማሽ አይበልጥም። የጋንዶ ሕዝብ ትምህርት ቤቱ በጭቃ እንዲሠራለት አልፈለገም ነበርና። ባህልን ማክበር ማለት ሕዝቡ የሚፈልገውን መስማት ከሆነ፣ ተማሪው መሥራት የነበረበት የሲሚንቶ ቤት ነበር። የአባቶችን ቅርጽ መድገም ከሆነም፣ በጋንዶ የቆመው ሕንፃ የመንደሩን ጎጆዎች አይመስልም። ታዲያ የዚህ ሥራ ዋጋ የሚገኘው የት ላይ ነው? መልሱን ለማግኘት ተማሪው ለጋንዶ ሰዎች ተቃውሞ ምን ዓይነት መልስ እንደሰጠ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል።

ኬሬ በ1965 በጋንዶ ተወለደ። አባቱ የመንደሩ አለቃ ነበሩ። መንደሪቱ ትምህርት ቤት ስላልነበራት፣ በሰባት ዓመቱ ከቤተሰቡ ተለይቶ ወደ ቴንኮዶጎ ከተማ ለመሄድ ተገደደ። የተማረበት ክፍል ከመቶ በላይ ሕፃናት የሚታጨቁበት፣ ብርሃን የጎደለውና እንደ ምድጃ የሚያቃጥል የብሎኬት ቤት ነበረ። የአናጢነት ሙያ ከተማረ በኋላ በ1985 በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ በርሊን ሄደ፤ ቀን ቀን ጣሪያና የቤት ዕቃ መሥራት እየተማረ፣ ማታ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲከታተል ቆይቶ በ1995 ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በቃ። እንግዲህ ንድፍ መማር የጀመረው እንጨት መጥረብን፣ ጣሪያ ማቆምን፣ በሙቀት ውስጥ ተጨናንቆ መቀመጥንም በሰውነቱ ካወቀ በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ንድፍ ጠረጴዛ የተሸጋገረ ወጣት እንዲህ ያለ እውቀት አይኖረውም፤ የጋንዶን ሕንፃ ለመረዳትም ከየትኛውም ንድፈ ሐሳብ ይልቅ የሚጠቅመው ይኸው ነው።

ኬሬ በአደባባይ ደጋግሞ የተናገረው አንድ የልጅነት ትዝታ አለ። ለዕረፍት ወደ መንደሩ መጥቶ ሲመለስ፣ ለመሰናበት ከቤት ቤት ሲዞር፣ የመንደሩ ሴቶች ከልብሳቸው ውስጥ ያኖሯትን የመጨረሻ ሳንቲም እያወጡ ይሰጡት ነበር። ምክንያቱን እናቱን ቢጠይቃቸው፣ ሴቶቹ ለትምህርቱ የሚያዋጡት አንድ ቀን ተመልሶ የመንደሩን ኑሮ ያሻሽል ይሆናል ብለው መሆኑን አስረዱት። ይህ ትዝታ ልብን የሚነካ ቢሆንም፣ ከሥነ ሕንፃ ሒስ አንፃር የሚታየው እንደ ስሜት ሳይሆን እንደ ውል ነው። በጋንዶ ሕንፃውን ያሠራው ወገን መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ አስቀድሞ ከጓዳው የከፈለ፣ ስለዚህም የመቆጣት መብት ያለው ሕዝብ ነበረ።

መቆጣቱም አልቀረም። ኬሬ በ1998 ከወዳጆቹ ጋር ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር በጀርመን አገር አቋቋመ፤ ገንዘቡን ካገኘባቸው መንገዶች አንዱ የትምህርት ጓደኞቹ ለቡናና ለሲጋራ የሚያወጡትን ቀንሰው እንዲያዋጡ ማግባባት ነበረ። ገንዘቡን ይዞ መጥቶ ትምህርት ቤቱ በጭቃ እንደሚሠራ ሲናገር መንደሩ ደነገጠ። የጭቃ ግድግዳ አንድ ክረምት እንኳ መቋቋም እንደማይችል እያንዳንዱ አባወራ ያውቃል፤ ዝናቡ ባለፈ ቁጥር የራሱን ቤት ሲለስንና ሲጠግን የኖረ ነውና። ሰዎቹ፣ ልጃችን ከእኛ ጋር እርሻ መዋልን ትቶ ይህን ያህል ዘመን በአውሮፓ የተማረው ለዚህ ነውን እስከ ማለት ደረሱ።

ከዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ብዙ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ተቃውሞ ሲገጥመው የሚመርጠው ከሁለት መንገዶች አንዱን ነው። አንደኛው ሕዝቡ የራሱን ባህል ዋጋ አያውቅም፣ የፈረንጅ ነገር አታሎታል ብሎ በትዕቢት ማለፍ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሕዝብ ፍላጎት ነው በሚል ሽፋን ሐሳቡን ጥሎ፣ ቴንኮዶጎ ላይ ራሱን ሲያቃጥለው የነበረውን የብሎኬት ክፍል መልሶ መሥራት ነው። ኬሬ ሁለቱንም አላደረገም። ተቃውሞውን ትክክለኛ ሒስ አድርጎ ተቀበለው። በእርግጥም ትክክል ነበረ፤ ሳይጠለል የቀረ ጭቃ ይፈርሳል። ስለዚህ ጥያቄው ጭቃ ወይስ ሲሚንቶ የሚለው መሆኑ ቀርቶ፣ ጭቃውን የሚገድለው ምንድን ነው፣ ከገዳዩስ እንዴት ይጠበቃል ወደሚለው ተሻገረ። የሕንፃው ቅርጽ በሙሉ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ ለጌጥ ወይም ለማማር ብቻ የተቀመጠ ክፍል በውስጡ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ሕንፃው ሲታይ እንዲህ ነው። ሦስቱ ክፍሎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው አልተጣበቁም። በመካከላቸው ጣሪያ ያለው፣ ግድግዳ የሌለው ክፍት ቦታ አለ፤ ነፋሱ በዚያ ያልፋል፣ ተማሪዎቹም ለጨዋታም ለትምህርትም ይቀመጡበታል። ግድግዳዎቹ ጥቂት ሲሚንቶ ከተቀላቀለበት ከአካባቢው አፈር ተዘጋጅተው በመጭመቂያ የተመቱ ጡቦች ናቸው። ጡቦቹ ወፍራም ግድግዳ ሆነው ጭነቱን ራሳቸው ይሸከማሉ፤ የቀኑን ሙቀትም በዝግታ እንጂ እንደ ብረት ወዲያውኑ ወደ ውስጥ አያስተላልፉም። በግድግዳዎቹ አናት ላይ የአርማታ አግዳሚዎች ተዘርግተዋል፤ በአግዳሚዎቹ ላይ የብረት ዘንጎች፣ በዘንጎቹም ላይ ያለ ማያያዣ የተደረደሩ የጭቃ ጡቦች ኮርኒሱን ይሠራሉ። ኮርኒሱ ቀዳዳዎች ስላሉት በክፍሉ ውስጥ የሞቀው አየር ሽቅብ ወጥቶ በዚያ ያመልጣል፤ በእግሩም ቀዝቀዝ ያለው አየር በመስኮቶቹ ይገባል።

ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍል የንድፉ ልብ ነው። በጋንዶ የፀሐዩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። እንዲህ ባለ አገር ቆርቆሮን በቀጥታ በሰው ራስ ላይ መክደን ምጣድ መድፋት ነው። ሆኖም ከዝናብ የሚጠብቅ፣ በርካሽ የሚገኝ፣ ሠራተኛውም የሚያውቀው ክዳን ቆርቆሮ ስለሆነ ተማሪው አልጣለውም፤ ከኮርኒሱ አንሥቶ ወደ ላይ ከፍ አደረገው እንጂ። ለአርማታ የሚውለው ተራ ብረት በእጅ መጋዝ እየተቆረጠና በትንሽ የብየዳ መሣሪያ እየተያያዘ ቀላል የብረት አውታር ተሠራ፤ ቆርቆሮው በአውታሩ ላይ ዐረፈ። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነፋስ ይተላለፍበታልና ቆርቆሮው ምንም ቢግል ግለቱ ወደ ተማሪዎቹ አይወርድም። የቆርቆሮው ጫፍም ከግድግዳው ብዙ አልፎ ስለሚወጣ ዝናቡ ጡቡን አያገኘውም፤ ፀሐዩም ግድግዳውን በቀጥታ አይመታውም። ከመንደሩ የተነሣው የዝናብ ጥያቄ የተመለሰው በዚህ ነው። መልሱ የተሰጠው በንግግር ሳይሆን በክዳን ነው ማለት ይቻላል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። ቋሚና ማገር አቁሞ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ የመረገውን ቤት፣ የሣር ክዳኑም ቀርቶ ቆርቆሮ ሲመታበት፣ ሲደርስበት የነበረውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቤቱ ከዝናብ ዳነ፣ በቀትር ግን የሚያስቀምጥ አልሆነም። ሣሩ ሙቀትን የሚከለክል ውፍረት ነበረው፤ ቆርቆሮው የለውም። በጋንዶ ቆርቆሮውና የጭቃው ኮርኒስ ሥራ ተከፋፍለዋል፦ አንዱ ውኃን፣ ሌላው ግለትን ይመክታል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ግን ከማሰብ ብዛት የመጣ እንጂ ከችሎታ ማነስ የመጣ አይደለም።

ስለ ቅርጹ ይህን ያህል ከተባለ ስለ አሠራሩ የበለጠ መነገር አለበት፤ የባህል ጉዳይ በእውነት የሚነሣው ከዚህ ላይ ነውና። ከመንደሩ ነዋሪ የሚበዛው ማንበብና መጻፍ የማይችል ስለነበረ፣ በርሊን ላይ የተሣለ ዕቅድ በጋንዶ ከተራ ወረቀት አይለይም ነበረ። ስለዚህ ውይይቱ የተካሄደው በናሙና ነው፤ ሰዎቹ የሚነኩትን፣ የሚሸከሙትን፣ የሚቆሙበትን ነገር እየሠሩ በማሳየት። ሕፃናት ለመሠረቱ ድንጋይ ለቀሙ፤ ሴቶች ለጡቡ ውኃ ተሸከሙ፤ ወጣቶች ጡብ መምታትንና ብረት መበየድን ተማሩ። በመንደሩ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ልማድ የጭቃን ወለል የሚጠቀጥቁት ሴቶች ናቸው፤ በአንድነት ተሰልፈው በእንጨት መምቻ፣ በዜማ ልክ፣ ለሰዓታት ይደበድቡታል፤ ከዚያም በድንጋይ እየፈተጉ ያለሰልሱታል። ይህ ሙያ በኬሬ የጋንዶ ሥራዎች ውስጥ ቦታ አግኝቷል። የቦታው አሰጣጥ ግን በጥንቃቄ የታሰበ ነው። የሴቶቹ ሥራ ለእንግዳ የሚታይ ትርዒት አልተደረገም፤ ወለሉ ካልተደበደበ ቤቱ አያልቅምና ከግንበኛውና ከበያጁ ሥራ እኩል አስፈላጊ ሆኖ ገባ። ብዙ ጊዜ ባህላዊ የሚባለው ነገር በዘመናዊ ሕንፃ ላይ የሚጨመረው ግድግዳው ካለቀ በኋላ፣ በበር ላይ እንደሚቀረጽ ሐረግ ነው። ያ ሐረግ ቢፋቅ ሕንፃው አይጎድልም። በጋንዶ የመንደሩ እጅ ቢወጣ የሚቀር ሕንፃ የለም።

የሥራው ጠቀሜታ በአንድ ግቢ አልተወሰነም። ሁለት ጎረቤት መንደሮች የጋንዶን አደረጃጀት አይተው በኅብረት ሥራ የየራሳቸውን ትምህርት ቤት ሠርተዋል፤ የአካባቢው አስተዳደርም መምህራን መድቦ ደመወዛቸውን ከመክፈሉ ሌላ፣ በግንባታው ላይ የሠለጠኑትን ወጣቶች በሌሎች የሕዝብ ሥራዎች ላይ ለማሠማራት ጥሯል። የተማሪዎቹም ቁጥር ከ120 ተነሥቶ እስከ 700 ሲደርስ ተጨማሪ ክፍሎች አስፈልገው በ2008 ማስፋፊያ ተሠርቷል።

ይሁን እንጂ ውዳሴ ብቻ የሚደረድር ሒስ ለተማሪም ለመምህርም አይጠቅምም። የጋንዶ ሕንፃ ከአካባቢ በተገኘ ነገር ብቻ የተሠራ ነው የሚባለው አባባል ሲመረመር አይጸናም። ጡቡን ያጠነከረው ሲሚንቶ፣ አግዳሚውን የያዘው ብረት፣ ቆርቆሮውና የብየዳው ኃይል ከመንደሩ ውጭ የመጡ ናቸው። ከጋንዶ አፈር የወጣው የሕንፃው ክብደት እንጂ ዋጋው አይደለም። የሕንፃው ወጪ 30 ሺህ የአሜሪካን ዶላር ገደማ ነበረ፤ ገንዘቡ ለአንድ የአውሮፓ ከተማ ትምህርት ቤት የመስኮት ዋጋ ላይሆን ይችላል፤ በራሷ አቅም ብቻ ለምትኖር የገበሬ መንደር ግን ከልመና በቀር በሌላ መንገድ የማይገኝ ነው። የተዋጣውም በርሊን ላይ ነው። ስለዚህ ሥራው ለአፍሪካ ገጠር ሁሉ መፍትሔ እንደሆነ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው፤ በርሊን ያለ ልጅ የሌላት መንደር ምን ታድርግ የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም። ለዚህ ጥያቄ በከፊል መልስ የሚሆነው ከገንዘቡ ይልቅ በመንደሩ የቀረው ሙያ ነው፤ ጡብ መምታትን የተማረ ወጣት ለሌላ ቤት ጡብ ይመታል።

ሌላው ጥያቄ የነዳፊው ማንነት ነው። ኬሬ የአለቃው የበኩር ልጅ ነበረ፤ ቋንቋውን ያውቃል፤ ሲቆጡት የሚቆጡት እንደ ልጃቸው ነው። መንደሩ ለአንድ ባዕድ መሐንዲስ እንዲህ ያለ ዕድል ይሰጥ ነበር? ጥያቄው የሚያመለክተው ይህ የአሠራር ዘዴ በትምህርት ሊተላለፍ የሚችል ነው ወይስ በትውልድ ብቻ የሚገኝ ነው የሚለውን ነው፤ በመሆኑም ሁለት ሌሎች ሥራዎችን ከጎኑ አስቀምጦ ማየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ግብጻዊው ሐሰን ፈትሂ በ1940ዎቹ አጋማሽ በሉክሶር አካባቢ የጀመሩት የአዲስ ጎርና መንደር ነው። ፈትሂ ጭቃን ከሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ንቀት ለማዳን ከማንም በፊት የታገሉ ታላቅ ባለሙያ ናቸው። የኑቢያ ግንበኞች ያለ እንጨት ድጋፍ ቅስት ጣሪያ የሚሠሩበትን ጥበብ አግኝተው አስፋፉት፤ የሠሩትም መስጊድና ገበያ እስከ ዛሬ ሲታይ ያስደንቃል። ነገር ግን መንደሩ የታቀደው በጥንታዊ መቃብሮች ላይ ሠፍሮ የነበረውን ሕዝብ ከዚያ ለማንሣት በመንግሥት ትእዛዝ ነበረ፤ ሕዝቡም መተዳደሪያውን ትቶ አልሄድም አለ፤ ሥራው ሳያልቅ ቆመ። ጉልላቱ መቃብርን የሚያስታውስ ነው ተብሎም ተተችቷል። የፈትሂ ጭቃ ከኬሬ ጭቃ በውበት ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ቅርጹም ከአገሪቱ ጥንታዊ ጥበብ የተወሰደ ነው። የጎደለው፣ ቤት ይሠራልን ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። ባህላዊ ቅርጽን ማወቅ ለብቻው ሕዝብን ማወቅ እንዳልሆነ ጎርና ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ ያስረዳል።

ሁለተኛው የአና ሄሪንገር ሥራ ነው። እሷም እንደ ኬሬ ትልቁን ሥራዋን የጀመረችው በተማሪነቷ ነው፤ በባንግላዴሽ፣ ሩድራፑር በሚባል መንደር የተሠራው ትምህርት ቤት በ2004 በሊንዝ ለመመረቂያ ካቀረበችው ንድፍ ተነሥቶ፣ ከአይከ ሮስዋግ ጋር በመሆን በ2005 ተሠርቶ በ2007 የአጋ ካንን ሽልማት አግኝቷል። ሄሪንገር ለመንደሩ ባዕድ ናት። ሆኖም ንድፍ ከማውጣቷ ብዙ ዓመት በፊት፣ ገና በወጣትነቷ፣ በበጎ ፈቃድ አገልግሎት በዚያው አካባቢ አንድ ዓመት ያህል ኖራለች። በሩድራፑርም ችግሩ የጋንዶን ይመስል ነበር፤ የጭቃ ቤቶቹ መሠረት ስላልነበራቸው እርጥበት ከሥር እየበላ ያፈርሳቸዋል። የእሷ መልስ ከጭቃው በታች የጡብ መሠረትና እርጥበት የማያሳልፍ ንጣፍ ማስገባት፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶ ወፍራም ግድግዳ መሥራት፣ ሁለተኛውን ፎቅ ደግሞ በቀርከሃ ማቆም ሆነ። የጋንዶው ችግር ከላይ የመጣ ዝናብ ስለነበረ መልሱ ክዳን ላይ ሄደ፤ የሩድራፑሩ ከሥር የመጣ እርጥበት ስለነበረ መልሱ መሠረት ላይ ወረደ። ሁለቱ ሕንፃዎች በመልክ ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ የአስተሳሰባቸው አካሄድ ግን አንድ ነው። እንግዲህ ዘዴው በትውልድ ብቻ የሚገኝ አይደለም ማለት ነው። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ በሰው አገር የአንድ ዓመት ኑሮ ይጠይቃልና፤ የትኛውም የትምህርት ክፍል ይህን ያህል ጊዜ በመርሐ ግብሩ ውስጥ አያስገባም።

ለሥነ ሕንፃ መምህራን ከዚህ የሚነሣ የማይመች ጉዳይ አለ። ተማሪ የሚመዘነው በሠሌዳ ላይ በሚሰቅለው ሥዕል ነው፤ የሥዕሉም ዋጋ ከፍ የሚለው ለዓይን አዲስ በሆነ መጠን ነው። የጋንዶ ንድፍ በዚህ ሚዛን ሲታይ ምን ያህል ነጥብ ያገኝ እንደነበረ መገመት አያዳግትም፦ በአንድ መስመር የቆሙ ሦስት አራት ማዕዘኖች፣ በላያቸውም አንድ ቆርቆሮ። በሥዕሉ ላይ ነፋሱ አይታይም፤ ጡብ የሚመታው ወጣት አይታይም፤ የመንደሩ ቁጣ አይታይም። ኬሬ በ2004 ዲፕሎማውን በተቀበለበት ዓመት ሕንፃው ዓለም አቀፍ ሽልማት ማግኘቱ በመማሪያ ክፍሉ ሚዛንና በሕዝቡ ሚዛን መካከል ያለውን ልዩነት ለጊዜው ያቀራረበ ይመስላል፤ የመመዘኛው ዘዴ ግን በዚያ ምክንያት ብቻ በየትም ቦታ አልተለወጠም።

ከዚያ በኋላ የመጡት የኬሬ ሥራዎች ብዙና ልዩ ልዩ ናቸው፤ ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት አይቻልም። በኩዱጉ በ2016 የተሠራው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጋንዶን አስተሳሰብ ከአካባቢው በተቆረጠ ቀይ ድንጋይ ያስቀጥላል። ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙ በማይርቀው የኬንያ ቱርካና አገር፣ በሐይቁ ዳር በ2021 የተሠራው የወጣቶች ማሠልጠኛ ማዕከል፣ በአካባቢው እንደ ግንብ የሚቆሙትን የምስጥ ኩይሳዎች በሚመስሉ ረጃጅም የአየር ማስወጫዎች ሙቀቱን ሽቅብ ይለቅቃል፤ እዚህም ቅርጹ የሥራ ምክንያት አለው። በ2017 በለንደን የኬንሲንግተን መናፈሻ ለአንድ በጋ የቆመው የሰርፐንታይን ድንኳን ግን ሌላ ነገር ነው። የመንደርን ዛፍ፣ ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበትን ጥላ እንዲያስታውስ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ጣሪያው ያማረ ነው፤ የሰማያዊው እንጨት ግድግዳም ዓይን ይስባል። ዛፉ በጋንዶ ጥላ የሚሰጠው ከ40 ዲግሪ በላይ ለሚሞቅ ፀሐይ ነው፤ በለንደን በጋ ግን ምሳሌ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ድንኳኑን የመንደሩ ሰው አልሠራውም፤ ቢያፈስም የሚቆጣ እናት አልነበረችም። መጥፎ ሥራ ነው ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን የጋንዶን ሥራ ያስከበረው ነገር በውስጡ የለም፤ ሁለቱን በአንድ የውዳሴ ቃል የሚጠሩ ጽሑፎች ይህን ልዩነት ደብቀውታል። የኬሬ ዝና ከመንደር ትምህርት ቤት ወደ ብሔራዊ ምክር ቤትና ወደ መታሰቢያ ሐውልት ንድፍ ሲያድግ ይኸው ጥያቄ እየከበደ መሄዱ አይቀርም። አሠሪው መንግሥት ሲሆን፣ በናሙና ላይ ቆሞ የሚፈትሽና ልጃችን ለዚህ ነው ወይ የተማረው ብሎ የሚጠይቅ ማን ይሆናል?

በጋንዶ ራሷ መጠየቁ አላቆመም ነበር። ለማስፋፊያው ክፍሎች የጭቃ ቅስት ጣሪያ በታሰበ ጊዜ መንደሩ እንደገና ተጠራጠረ፤ ከላይ ከባድ ጭቃ ተሸክሞ ከሥሩ ሕፃናት ማስቀመጥ ማንንም ያስፈራል። በዚህም ጊዜ መልሱ ናሙና ነበረ። አንድ ቅስት በቁመናው ተሠራ፤ ኬሬና ሠራተኞቹ ላዩ ላይ ወጥተው ዘለሉበት፤ አልተሰበረም፤ ሥራው ቀጠለ። ለመንደሩ በነደፈው ቤተ መጻሕፍትም ሴቶቹ ከየቤታቸው የሠሯቸውን የሸክላ ማሰሮዎች እንዲያመጡ ተጠየቁ። ማሰሮዎቹ አፋቸውና ቂጣቸው ተቆርጦ በኮርኒሱ አርማታ ውስጥ ተቀበሩ፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ብርሃን ይወርዳል፣ የሞቀውም አየር ይወጣል። ውኃ ይይዝ የነበረ ዕቃ ለዚህ ሥራ ሲቆረጥ የሰጡት ሴቶች ምን እንደሚሠራበት ያውቃሉ፤ በቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጦ ቀና የሚል ሕፃንም የትኛው ማሰሮ የእናቱ እንደሆነ ሊጠይቅ ይችላል።